የእሳት አደጋው ስልክ በልብስ ሰፊዋ ቤት

ጥቅምት 9

ለውድ ወንድሜ፣ ለአጎቴ ልጅ፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ ወጥተህ በሰላም የምትገባበት ቀን ይሁንልህ። ያ የአውቶቡስ ጎማ መቀየር ወገብህን እንዳይጎዳህ ተጠንቀቅ፤ ሰው አገር ሄዶ የታመመ ማን ያስታምመዋል እያልኩ እጨነቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስፌቱም አለ፣ ዓይኔም ገና አልከዳኝም።

ስልክ ገባልኝ! ያ ስንት ዓመት ወረፋ የጠበቅኩት ስልክ በመጨረሻ ገባልኝ። ሠራተኛው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተክሎልኝ ሲወጣ ደስታዬን አትጠይቀኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ መጣ። መጀመሪያ ለአንተ ልደውል ብዬ መነጽሬን ስፈልግ ስልኩ ራሱ ጮኸ። አነሳሁት። አንድ ሰውዬ በጩኸት «የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ተያያዘ፣ ቶሎ ድረሱ!» ይለኛል። «ተሳስተሃል ወንድሜ፣ ይሄ ልብስ ሰፊ ቤት ነው» ብዬ ዘጋሁት። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ያው ሰውዬ ነው። «እሳት አደጋ አይደለም እንዴ? ቁጥሩ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው!» አለኝና ቁጥሩን ጠራልኝ። ያኔ ነው ክው ያልኩት። አንተ እሳት አደጋ ጣቢያ ሥራ የገባህ ጊዜ እናትህ ጓዳ በር ላይ በከሰል የጻፈችው ቁጥር ነው። በደስታ ብዛት የተሰጠኝን ቁጥር እንኳ አስተውዬ አላየሁትም ነበር።

ምን ላድርግ? ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ጣቢያው በረርኩ። ጢሞ አሁን የጣቢያው ኃላፊ ሆኗል፤ አንተ ሹፌር ሳለህ ከኋላ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ጢማሙ ልጅ። እንዴት፣ ለምን ሳይለኝ «ውጡ!» ብሎ ጮኸና መኪናው ተነሣ። የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ሄዷል፤ ሰው ግን ተርፏል።

ሲመለሱ ያዝኩትና ጠየቅኩት። «እትዬ፣ የድሮው ቁጥር እኮ ቀርቷል» አለኝ። «የእሳት አደጋ ኮሚሽኑ አዲስ ቁጥር አውጥቷል። አዲሱ እዚህ አይጮኽም፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚጮኸው። የድሮውን ለስልክ ድርጅቱ መልሰውለታል።» ስልክ ድርጅቱ ደግሞ ወረፋው ላይ ላለው ሰው አደለው። ወረፋው ላይ የነበርኩት እኔ ነኛ! አዲሱን ቁጥር አንድ ቀን በጋዜጣ አወጡት አሉ። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ቤት ብቻ ነው እንዴ እሳት የሚነሣው?

ከዚያ ወዲህ ሳይደወል የዋለበት ቀን የለም። አንተ እዚያ ቤት የሠራህ ሰው ነህና ምን እንደማደርግ ንገረኝ። ለእኔ ግን ስልክ እንዳትደውል፣ ጻፍልኝ። እኔና አንተ በወሬ መስመሩን ይዘን የሰው ቤት እንዳይነድ። ስትጽፍ በዚያው የሱሪ ዚፕ ላክልኝ፤ እዚህ ያለው ጥርሱ በሳምንት ይረግፋል።

እህትህ

*

ኅዳር 5

ለማከብርሽ እትዬ፤

ደብዳቤሽ በሰላም ደርሶኛል፤ የላከው እጅ አይዛል። እኔ ደህና ነኝ፣ ወገቤም እንዳልሽው ሳይሆን ደህና ነው። ዚፑን በዚህ ፖስታ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ቆይቼ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። እትዬ፣ ተዪው። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ። አገሩ እሳት አደጋ አለው፤ ደመወዝ የሚከፈለው፣ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ለዚሁ የሰለጠነ ሰው አለው። እኔ ያንን ቤት አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ ሞተር ጠፍቶብን ቦቴውን በትከሻችን የገፋንበት ቀን አለ፤ ግን አልደረሱም የተባልንበት ቀን የለም። አንድ የቢሮ ሰው ተሳስቶ ይሆናል፤ ሰሞኑን ያስተካክሉታል። አንቺ የሰው ሥራ ተሸክመሽ በኋላ ጣጣ ውስጥ እንዳትገቢ እፈራለሁ።

እስኪያስተካክሉት ድረስ ግን እንደ ጆሮው አድርጊ። ጆሮው ማለት በእኛ ጊዜ በየተራው ስልክ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ከተረኞቹ ሁሉ አንጋፋው ነበር የሚመረጠው፤ ወጣትና ጉልበተኛ ሲሆን ይቸኩላል ይባል ነበር። ከወንበሩ አይነሣም፣ ምሳውንም እዚያው ነው የሚበላው። ቀድሞ «የት ነው?» ይላል። ስምህ ማነው አይልም፤ ስም አይነድም። ቀጥሎ ምን እንደሚነድ፣ ውስጥ ሰው መኖሩን፣ መንገዱ መኪና ያስገባ እንደሆነ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደዋዩ ሳይዘጋ እሱ አይዘጋም። የፈራ ሰው ጆሮው ላይ ድምፅ ሲጠፋበት ሮጦ ወደ እሳቱ ይገባል፤ ይህን በዓይናችን ያየነው ነው።

ይህን የጻፍኩልሽ እንድትለምጂው አይደለም። ቶሎ ተገላገዪው።

ታናሽሽ

*

ታኅሣሥ 14

ወንድሜ፤

ጤናና ሰላም ከአንተ አይራቅ። ዚፑ ደርሶኛል፣ እጅህ ይባረክ። ምክርህንም ተቀብያለሁ፤ «ተዪው» ያልከውን ሳይሆን «እንደ ጆሮው አድርጊ» ያልከውን። ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

ሰፈሩ አሁን «ወይዘሮ እሳት አደጋ» ነው የሚለኝ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ለምጄዋለሁ። ጢሞ የቢሮውን ስልክ ቁጥር ሰጥቶኛል፤ ደዋዩ ሲዘጋ እኔ እሱ ጋ እደውላለሁ። «ታዲያ ይህን ቁጥር ለሕዝቡ ለምን አትሰጡትም?» ስለው «የቢሮ ስልክ ለሕዝብ መስጠት ክልክል ነው» አለኝ። ጉድ እኮ ነው! ደግሞ ያለ ዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መኪና ማስወጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ ጢሞ እኔ ደውዬለት በወጣ ቁጥር መዝገቡ ላይ «ልምምድ» ብሎ ይጽፋል። ባለፈው ወር ጣቢያው ልምምድ በማብዛቱ ከኮሚሽኑ የምስጋና ወረቀት ተላከለት። ጢሞ ወረቀቱን ሲያነብልን እሱም እየሳቀ፣ ሠራተኞቹም እየሳቁ፣ እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ተገላገዪው ብለኸኝ የለ? ልገላገለው ሄድኩ። የኮሚሽኑን ሕንፃ ብታየው! መስታወት በመስታወት ነው። በየፎቁ በር ላይ የተለጠፈውን እያነበብኩ ወጣሁ። የዕቅድ ዳይሬክቶሬት፣ የለውጥ ሥራ አመራር ዳይሬክቶሬት፣ የሕዝብ ግንኙነት ዳይሬክቶሬት፣ የዳይሬክቶሬቶች ማስተባበሪያ ዳይሬክቶሬት። ጥበቃውን «እሳት የሚያጠፋው ሰው የትኛው ፎቅ ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እዚህ እሳት አይጠፋም እናቴ፣ እዚህ ይታቀዳል» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

በመጨረሻ አንድ ሸበቶ ኃላፊ ጋ አደረሱኝ። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። መስመሬን ውሰዱና ጣቢያው ጋ ትከሉት፣ ስልክ ድርጅቱ ለእኔ ሌላ ቁጥር ይስጠኝ፤ ገንዘብም አልጠይቅ፣ ካሳም አልጠይቅ። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ያ ቁጥር በአሁኑ መዋቅር ላይ የለም» አለኝ። «እኔ ቤት ግን አለ፣ ጠዋት እንኳ ጮኋል» አልኩት። «የስልክ ተቀባይ የሥራ መደብም በመዋቅሩ ላይ የለም» አለ። አየህ? ያ አንጋፋው ጆሮህ ተሰርዟል። የሰረዙት ደግሞ ምሳቸውን ወጥተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ከኮሚሽኑ መጥሪያ መጣልኝ! «ያለ ሥልጣን የመንግሥትን አካል ሥራ ስለመፈጸም» ይላል። እኔ ነኝ ተከሳሿ። ደሜ ገና አልረጋም፣ ወረቀቱን ደግሜ ደጋግሜ ሳነበው ከግርጌው «ለበለጠ መረጃ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል አየሁ። የማን ቁጥር ይመስልሃል? የእኔ! የድሮው ወረቀታቸው ገና አላለቀም። ስለ እኔ ለመጠየቅ ወደ እኔ ደውይ ይሉኛል። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

በሚመጣው ወር ያቀርቡኛል። ገንዘብ አትላክልኝ። ይልቅ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ያ መሥሪያ ቤት በማን እጅ እንደነበረ የምታውቀውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ፊታቸው ቆሜ አነብላቸዋለሁ።

እህትህ

*

ጥር 8

እትዬ፤

ለአንቺ ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ለእነሱ ግን የለኝም። ደብዳቤሽን የእረፍት ሰዓቴ ላይ ከፍቼ እዚያው ጎማው መሐል ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አለቃዬ «ቤተሰብ ሞተብህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቴ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ባለፈው ተዪው ማለቴን እርሺው። እኔ የማውቀው ቤት ሌላ ነው፣ አንቺ የገባሽበት ሌላ ነው።

ያልሽውን ይኸው፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ የሰማሁትን ነው። ከሁሉ በፊት እሳት አደጋ የነጋዴዎች ነበር። የገበያው ባለጠጎች ተዋጥተው በትከሻ የሚሸከሟትን አንዲት የእጅ ፓምፕ ገዙ፤ ያዋጣ ሰው በሩ ላይ የቆርቆሮ ሳህን ይመታለት ነበር። ሳህን ያለው ቤት ሲነድ ይመጣሉ። ሳህን የሌለው ሲነድ ፓምፗን ይዘው ቆመው ያያሉ፤ እሳቱ ወደ ባለሳህኑ እንዳይሻገር ብቻ ይጠብቃሉ። አንድ ዓመት በገበያው ጀርባ ያለው የድሆች ሰፈር እንዳለ ነደደ፤ ፓምፗ ውሃ ተሞልታ ቆማ ሳለ ነው የነደደው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ጮኸ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ተረከበው፣ ሳህኖቹም በአዋጅ ተነቀሉ። ውሃ የሁሉም የሆነው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ወደ ፖሊስ ዞረ። ቁጥሩ የወጣው፣ ጆሮው ወንበር ላይ የተቀመጠው በዚያ ጊዜ ነው። ከፖሊስ ወደ አንድ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴሩ ተመልሶ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ ወደ ኮሚሽኑ ሄደ። አለቃ በተቀየረ ቁጥር መኪናውን ያስቀቡናል። ቀይ ነበር፣ ነጭ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ተመልሶ ቀይ ሆነ። አንዴ ቀለሙ ሳይደርቅ ተጠርተን ወጥተን ልብሳችን ሁሉ ቢጫ ሆኖ ተመልሰናል። ጫማችንን፣ ኮፍያችንን፣ የደመወዛችንን ቀን ቀያይረውታል። ቁጥሩን ግን አንድም አለቃ አልነካውም። ሊነኩት ሲሉ የድሮው አዛዥ ጠረጴዛ ደብድቦ «መኪናውን አረንጓዴ ቀቡት፣ እኔንም ቀቡኝ፤ ሕዝቡ በቃሉ የያዘውን አትንኩ» ብሏቸዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ ይህን አንብቢላቸው። ዛሬ መኪና የሚደርስለት የአንቺን ቁጥር የሚያውቅ፣ አንቺም የጢሞን ቁጥር የምታውቂለት ሰው ነው። ሳህኑን መልሰው በር ላይ መቱት ማለት ነው። ይህን እያወቁ ዝም ካሉ ይፈሩ፤ ካላወቁም ያንን ወንበር ይልቀቁ!

ቅጣት ከጣሉብሽ እኔ አለሁ። እትዬ፣ ብቻሽን አትሂጂ፤ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

ታናሽሽ

*

የካቲት 6

ወንድሜ፤

በያለህበት ክፉ አይንካህ። ባጭሩ ልጽፍልህ ነው፣ ስልኩ መሐል መሐል ላይ ያስነሣኛል።

ቀረብኩ። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፣ ሸበቶውም አለበት። ወረቀትህን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሳህኑ ጋ ስደርስ መሐለኛው አስቆመኝና «ታሪክ የሕዝብ ግንኙነት ዳይሬክቶሬት ሥራ ነው፣ ለዚያ ክፍል ያስገቡ» አለኝ። ቀሪውን ሳይሰሙት ቀሩ። ከዚያ አንድ የተጻፈ ግዴታ አቀረቡልኝ። ከእንግዲህ የእሳት ጥሪ ላልቀበል እንድፈርም ነው።

«ስልኩ ሲጮኽስ ምን ልበል?» አልኩ።

«ተሳስተዋል ይበሉ።»

«ቤቱ እየነደደ ያለውን ሰው?»

«ተሳስተዋል ብለው አዲሱን ቁጥር ይንገሯቸው።»

«አዲሱን ቁጥር ደውዬ አይቼዋለሁ» አልኩት። «ስም ይጠይቃል፣ የአባት ስም ይጠይቃል፣ የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ ከዚያ ይጠብቁ ይልና ሙዚቃ ይከፍታል። እናንተ ቤታችሁ ሲነድ ሙዚቃ ታዳምጣላችሁ?» ሸበቶው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አልፈርምም ብዬ ተነሣሁ። ተገቢው እርምጃ ይወሰዳል አሉኝ።

እርምጃው በጢሞ ጀመረ። ልምምዱን ደረሱበትና ከጣቢያው አንስተው መለዋወጫ መጋዘን መደቡት። ሊሰናበተኝ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «እትዬ፣ አዲሱ ኃላፊ ባለቤቱ ራሱ በር ላይ መጥቶ ካልጮኸበት በቀር ያለ ትእዛዝ አይወጣም፤ ልጆች አሉት» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ጢሞ ግን እሱም ልጆች እያሉት ይወጣ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ልሂድ።

እህትህ

*

ሚያዝያ 21

እትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ከየካቲት ወዲህ ደብዳቤሽ የለም። ሁለት ጻፍኩልሽ፣ መልስ የለም። ፖስታ ቤቱ ይሆናል አልኩ፣ ጊዜ አጥታ ይሆናል አልኩ፤ ሰበቡ ሁሉ አለቀብኝ።

አትቆጪኝ፤ የከለከልሽኝን አደረግኩ። ደወልኩልሽ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ፤ አላነሣሽም። በማግስቱም ጠራ፣ አላነሣሽም። አንቺ ስልክ ሲጠራ ዝም የምትዪ ሰው አይደለሽም። አሞሽ ነው? አሰሩሽ? አገር ቤት የማውቀው የስልክ ቁጥር አንቺ ጋ የሚጮኸው ብቻ ነው፤ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ስለ መሥሪያ ቤቱ አልጠይቅሽም። ቅጣቱንም፣ ኮሚሽኑንም ተዪው። በሕይወት አለሁ ብለሽ አንዲት መስመር ብቻ ጻፊልኝ።

ታናሽሽ

*

ግንቦት 7

ወንድሜ፤

አለሁ። አልታሰርኩም፣ አልታመምኩምም። ይቅር በለኝ፣ ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። እስክሪብቶ አነሣለሁ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኛል፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንተ «ጠራ፣ አላነሣሽም» ስትል ግን መቻል አቃተኝ።

የመጨረሻውን ደብዳቤ በጻፍኩልህ ሰሞን መስመሬን ቆረጡት። ማንም መጥቶ አልነገረኝም፤ አንድ ጠዋት ሳነሣው ድምፅ የለውም። ወይ ጉድ፣ የፈሩትን አደረጉት አልኩ። እንደው የደወለ ሰው ስልኩ ሞቶ ሲያገኘው ሌላ መላ ይፈልጋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንደዚያ አይደለም ለካ። እኔ ጋ ነው እንጂ የሞተው፣ ደዋዩ ጋ ይጠራል። ሰው አለ የሚያነሣ እየመሰለው ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ስልክ ድርጅቱ ሄጄ ነው ይህን ያወቅኩት፤ ያወቅኩት ግን ከሆነ በኋላ ነው።

በድልድዩ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ፣ አንተ አታውቀውም፣ ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖረው። እናቱ ከአልጋ አይነሡም። በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የጎረቤቱ የቀለም መጋዘን ተያያዘ። ልጁ እናቱን ሊያወጣ ሞከረ፣ በሩ እሳት ሆነ። ከፊት ለፊቱ ሱቅ ገብቶ ደወለ። ጠራለት። ያነሣሉ እያለ ቆመ። ዘግቶ ደግሞ ደወለ። ዘግቶ ደግሞ ደወለ። ጣቢያው ድረስ ሮጦ ቢሆን ኖሮ ይደርስ ነበር፤ ግን ይጠራል እኮ! የሚጠራ ስልክ ትቶ የሚሮጥ ማን ነው?

እናቱ አልወጡም።

ከቀብር በኋላ ቤቴ መጣ። ተቀመጥ አልኩት፣ አልተቀመጠም። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። «እትዬ፣ ደወልኩልዎ እኮ። ለምን አላነሡም?» አለኝ። ወንድሜ፣ በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ የቆረጠኝ የለም። ስልኩን አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ብዙ ቆይቶ መለሰልኝና በሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስማ ደግሞ። በዚያው ሳምንት ኮሚሽኑ በሬዲዮ መግለጫ ሰጠ። «ኅብረተሰቡ በወቅቱ ባለማሳወቁ» አለ! ከጫማ ሰፊው ጋር ሄደን ኮሚሽኑ በር ላይ ጮህን። ጋዜጠኛም መጣ፣ ሰውም ተሰበሰበ። መግለጫውን አሻሻሉት። አሁን ምን አሉ መሰለህ? «ጥሪውን ስትቀበል የቆየችው ግለሰብ ስልኩን ባለማንሣቷ» አሉ። መጥሪያ መጣልኝ። ባለፈው ለምን አነሣሽ ብለው ከሰሱኝ፣ አሁን ለምን አላነሣሽም ብለው ከሰሱኝ! ያው ሦስቱ ሰዎች፣ ያው ጠረጴዛ።

«በዕለቱ ስልኩን ያላነሡበት ምክንያት ምንድን ነው?» አለ መሐለኛው።

«የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ!»

«መስመር ማቋረጥ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው። ጥያቄውን ብቻ ይመልሱ።»

ጫማ ሰፊው ከኋላዬ ተነሣ። «እኔ ነኝ የደወልኩት» አለ። «ኅብረተሰቡ አላሳወቀም ያላችሁት እኔ ነኝ። እናቴ በመስኮቱ በኩል ስሜን እየጠሩ፣ እኔ ስልክ ይዤ ቆሜያለሁ። ማን እንደቆረጠው ንገሩኝና ልሂድ።» ሸበቶው ወረቀቱን ሰብስቦ «ጉዳዩ ተጨማሪ ማጣራት ስለሚያስፈልገው ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል» አለ። መስመሩስ አልኩት፤ እስከዚያ ጣቢያው ጋ ትከሉት። ማስረጃ ስለሆነ አይነካም አለኝ። ገባህ? ማጣራቱ እስኪያልቅ ድረስ ይጠራል፣ ማንም አያነሣም። ዛሬም፣ አሁን ይህን ስጽፍልህም፣ ለሚደውል ሰው ሁሉ ይጠራል።

ስለዚህ ስፌቴን ዘግቼ ከጫማ ሰፊው ጋር ከበር ወደ በር እንዞራለን። እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። የምንናገረው አንድ ነገር ነው፣ ያንን ቁጥር እርሱት፣ ቢጠራም አትጠብቁ፣ ወደ ጣቢያው ሩጡ። አንዳንዱ «ገዙሽ እንዴ?» ይለኛል። አንዳንዱ ሰምቶኝ ሳይጨርስ በሩን ይዘጋል። ና አልልህም፣ ገንዘብም አትላክልኝ። ያንን የሳህኑን ታሪክ ግን በትልልቁ ጽፈህ ላክልኝ፤ ኮሚሽኑ ባይሰማው ሰፈሩ ይስማው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ሥር ካሉት ቤቶች አንዱ ጋ አንዲት አሮጊት በር ከፈቱልኝ። በድምፄ አወቁኝ። አንድ ጊዜ ምድጃቸው ተያይዞ ደውለውልኝ፣ የጎረቤት ልጅ ወደ ጣቢያው አስሩጬ መኪናው እስኪደርስ አብሬያቸው ሳወራ ቆይቻለሁ። ደስ ብሏቸው ግቢ ግቢ አሉኝ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ከእንግዲህ እኔ ጋ አይደውሉ አልኳቸው። እጄን ይዘው ፊቴን አዩኝ።

«እሺ ልጄ፣ አልደውልም። ታዲያ ማን ያነሣል?»

«ኮሚሽኑ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። እጄን ሳይለቁ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ሳቁ።

እህትህ